ገጽ የማይገልጠው አንባቢ

ምላሴ ረዥም ነው፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ሠርካዲስን የሚያገባ ሰው አስቀድሞ ጆሮውን ይድፈን" ትል ነበር። እንግዲህ እንደ እኔ ያለችውን ለፍላፊ ወስዶ የንባብ ቤት ጸጥታ አስከባሪ ማድረግ የቀበሌያችን ሥራ ነው። ማትሪክ ወድቄ እቤት መቀመጤን ያዩት የቀበሌው ሰዎች፣ በ1973 ዓ.ም. "ፊደል የቆጠረ ሰው ሥራ ፈቶ አይቀመጥም" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ንባብ ቤት የምለው ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወጣው አቀበት ላይ ያለ፣ የአንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ነው። ዋናው ቤት የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲሆን ጋራዡ ለእኛ ደረሰን። ስድስት አግዳሚ ወንበር፣ ሦስት መደርደሪያ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት መጽሐፍ። ወለሉ ላይ የፈሰሰው የሞተር ዘይት ቢታጠብ ቢፈገፈግ አልለቅ ብሎ ቀርቷል። ከመጻሕፍቱ ገሚሱ ወፍራምና ቀይ ሽፋን ያላቸው ነበሩ፤ እነሱን አንዴ ካነበብኳቸው ወዲያ የማነሳቸው አቧራ ለመጥረግ ብቻ ነው። ሌሎቹ ግን ነፍስ ነበራቸው። በዚያ በክፉው ጊዜ ሰው ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ እንዳይገኝበት ፈርቶ፣ በጆንያ እያደረገ ቀበሌው በር ላይ ጥሎት የሄደው ልብ ወለድ፣ ተረት፣ የጉዞ ማስታወሻ ሁሉ እኛ ዘንድ ተሰበሰበ።

ደስታውን አልደብቅም። ከሰዓት በኋላ በሩን ስከፍት የሚቀበለኝ የአሮጌ ወረቀት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ሃያ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ አንዱ ብቻውን ፈገግ ሲል፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ማየት ነበር የእኔ ሲኒማ። ፊታቸውን አይቼ የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሱ እገምት ነበር፤ ሁሉንም አንብቤዋለሁና። አዎ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም፣ ቀዮቹን ሳይቀር። ይህንንም ለመጣ ለሄደው አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል "ዝም አይነቅዝም" ብዬ ለጥፌ ነበር፤ ያየው ሁሉ "ለራስሽ ነው?" እያለ ያበሽቀኛል።

ዳኜ የመጣው በ1974 ጥቅምት ላይ ነው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ትከሻው ወደፊት ጎበጥ ያለ፣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ የተበተነበት። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ቆመና በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ዘረጋልኝ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቱ ነው። ንባብ ቤት ለመግባት የሚጠየቅ መስሎት ይዞት መጥቷል።

"ምን ፈለግህ?" አልኩት።

"አንተ" ነው ያልኩት፤ አባቴ ሊሆን የሚችለውን ሰው። በየስብሰባው ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ስንፈክር እንውላለን፤ ሸማኔ ፊታችን ሲቆም ግን "እርስዎ" የሚለው ቃል ከአፋችን አይወጣም ነበር። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

"ለማንበብ ነው" አለ።

መደርደሪያው ፊት ብዙ ቆመ። ሽፋኑ ተገንጥሎ የጠፋ፣ ርእሱም ደራሲውም የማይታወቅ፣ መቶ ሰባ አራት ገጽ ያለው መጽሐፍ ነበረን፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እሱ ያነሳው ያንን ነው። "ይሄ ልብስ የለውም" አለና በሁለት እጁ ይዞት ሄዶ ተቀመጠ።

ከዚያ ድምፁን ለቀቀው። "አን-ድ... ታን-ኳ... ቀዛ-ፊ... ነበር!" መሠረተ ትምህርት እንዳስተማሩት፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ፣ ሳንባው እስከቻለ። ሃያ አንገት ባንድ ጊዜ ቀና አለ። እኔም ከመቀመጫዬ ተነስቼ ፊቱ ተገተርኩ። ያን ቀን የተናገርኩትን ቃል በቃል የማስታውሰው በኋላ ሰው ፊት ስለተጠየቅኩበት ነው።

"አንተ! እዚህ መጮህ ክልክል ነው። መጽሐፉም ከዚህ አይወጣም። እዚሁ ቁጭ ብለህ በልብህ አንብብ!"

ደነገጠ። "በልቤ?"

"አዎ፣ በልብህ!"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም ነዋ! ግማሹን በጩኸት ልታደርገው ነው?"

ዙሪያውን ተመለከተ። ተማሪዎቹን፣ አንዲት ነርስ፣ ጋዜጣ ሊያነቡ የሚመጡትን ጡረተኛውን አባባ ቶለሳን አየ። "እነዚህ ሰዎች ሁሉ በልባቸው ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ሁሉም በልባቸው ነው። ሕጉ ነው።"

ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን አድናቆት ምን እንደሆነ አልገባኝም። ራሱን ነቀነቀና ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሑድ በቀር አንድ ቀን አልቀረም። አሥር ሰዓት ሲሆን ሥራውን አቁሞ ይመጣል። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ እጁን እስከ ክንዱ ታጥቦ፣ በሸማው ጫፍ አድርቆ፣ ከዚያ ነው መጽሐፉን የሚነካው። አንድ ገጽ ይከፍታል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዓይኑን ይጨፍናል። ይገልጥና ያያል፤ እንደገና ይጨፍናል። አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ ይቆይና የደረሰበት ላይ ነጭ ክር አድርጎ፣ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይመልስልኛል። አንድም ቀን ቅጠሉን ሲገልጥ አላየሁትም ማለት ይቻላል፤ ነገ ሲመጣ ነው ወደሚቀጥለው ገጽ የሚሄደው።

እኔ መቼም ሥራዬ ነው፣ "ገጽ የማይገልጠው አንባቢ" ብዬ ስም አወጣሁለት። ለቀበሌው ጥበቃ ለበዳሳ፣ ለነርሷ፣ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የዳኜ እንቁላል ግን ገና አልተፈለፈለም" እያልኩ አስቃቸው ነበር። አባባ ቶለሳ ብቻ አልሳቁም። "ተይው ልጄ፣ ብርድ ሸሽቶም ቢመጣ ቤቱ የሕዝብ ነው" አሉኝ።

ታኅሣሥ ላይ መጽሐፉ ሊበተን ደረሰ። ድሮ የተሰፋበት ክር አርጅቶ ገጾቹ መውደቅ ጀመሩ። እኔ በማስቲሽ ልለጥፈው ስል ዳኜ ከኪሱ መርፌና የድር ክር አወጣ፤ ድር ማለት ሸማው የሚቆምበት ጠንካራው ክር ነው። "ከፈቀድሽልኝ" አለ። ገጾቹን አስተካክሎ፣ ክሩን በሰም አሽቶ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ ሰፋው። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀ። ሲጨርስ መጽሐፉን በአንድ ገጹ አንጠልጥሎ አሳየኝ፤ ንቅንቅ አላለም።

"እጅዎን ይባርከው" አልኩት።

"እርስዎ" ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሰም።

ያን ዕለት አወራን። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ነው ከጋሞ ደጋ ከአጎቱ ጋር ሽሮ ሜዳ የመጣው። ከዚያ ጀምሮ ሠላሳ ሦስት ዓመት እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ሲሸምን ኖሯል። ሚስቱ አስቻለች ትፈትላለች፤ ሦስት ሴት ልጆች አሏቸው። ለምን በዚህ ዕድሜው ንባብ እንዳሰኘው ጠየቅኩት። አንድ ጊዜ ከአገር ቤት ደብዳቤ መጣለት። የሚያነብለት ጎረቤት ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ ስለነበር ደብዳቤውን አራት ቀን በኪሱ ይዞት ዞረ፤ ይዘፍን ነበር፤ ይስቅ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሲነበብለት እናቱ ሞታለች ይላል።

"አራት ቀን ኪሴ ውስጥ ሞታ ስቄያለሁ" አለኝ። "መሠረተ ትምህርት ሲመጣ አንደኛ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ።"

እሑድ ለምን እንደማይመጣ ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ። የጌታ ቀን ስለሆነ ነው። ይሄዱበት የነበረው ጸሎት ቤት ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ከአስቻለችና ከልጆቹ ጋር እቤቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ "ጴንጤ" ተብሎ መጠቆም ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ አልነበረም። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁትን ሆዴ ውስጥ አስቀረሁ።

አንድ ቀን ግን አላስቻለኝም። "አቶ ዳኜ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉ እኮ ሌላም መጽሐፍ አለ" አልኩት።

"እኔ እንደነዚህ ልጆች ጭንቅላት የለኝም" አለ ወደ ተማሪዎቹ እያየ። "እነሱ በቀን አርባ ገጽ፣ ሃምሳ ገጽ ይይዛሉ። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። የእኔ አቅም አንድ ነው።"

"ይይዛሉ" ያለውን ሰምቻለሁ። አማርኛው የደቡብ ነው ብዬ አለፍኩት። እንግዲህ አዋቂዋ እኔ ነኝ!

ግንቦት ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ በሩ ተበረገደ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው ገባ፤ ከኋላው ጥበቃው በዳሳ ጠመንጃውን አንግቶ፤ በመካከላቸው ዳኜ። ከሥራው ላይ ነው ያነሱት፤ መወርወሪያው፣ ያቺ ማጉን የምታመላልሰው እንጨት፣ አሁንም እጁ ላይ ነበረች።

"ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"አንባቢያችን ናቸው።"

"ሪፖርት ደርሶናል። ሥራ ቦታ ላይ አምስት ሸማኔ ሰብስቦ በየቀኑ ይሰብካል። ስለ ባሕር፣ ስለ ታንኳ፣ ስለ መሻገር። ይሄ ወንጌል ነው፤ ማን አባቱ ነው የሚያጣው? ስንጠይቀው ከንባብ ቤት ነው ይላል። የአብዮቱ ንባብ ቤት መቼ ነው ሰባኪ ማፍራት የጀመረው?"

ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ አውርጄ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። ሽፋኑ የት እንደገባ፣ ደራሲው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስንረከበውም እንዲሁ እንደነበር ነገርኩት።

"ስንት ጊዜ ሆነው ሲያነበው?"

"ሰባት ወር ሊሞላቸው ነው።"

"ይሄን ቀጭን መጽሐፍ?"

"በቀን አንድ ገጽ ነው የሚያነቡት፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ጓድ ግዛቸው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም። "ስሚ ሠርካዲስ፣ በቀን አንድ ገጽ የሚያነብ ሰው የለም። እዚህ የሚመጣው መጽሐፍ ዘርግቶ ለመጸለይ ነው።"

"እውነት ነው ጓድ" አለ በዳሳ ከበሩ። "እሷ ራሷ 'ገጽ የማይገልጠው አንባቢ' እያለች ስትስቅበት ነው የከረመችው። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ ለሳቅ ያወጣሁት ስም ምስክር ሆኖ ቆመበት። ያን ጊዜ ቀበሌ ገብቶ ከበላዩ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዳኜ ደግሞ ሦስት ልጆች አሉት። "እሱ ቀልድ ነው" ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ያ ሁልጊዜ የሚለፈልፈው ምላሴ ደርቆ ቀረ።

"ጓድ ሊቀመንበር" አለ ዳኜ ቀስ ብሎ። "ለጓደኞቼ የምነግራቸው ያንኑ መጽሐፍ ነው። ከፍተው ይዩኝ።"

"ምን ብዬ ልይህ?"

"ገጹን ይጥሩልኝ።"

ሊቀመንበሩ እንዳጋጣሚ ገለጠው። "ስልሳ ሦስት። በል እስቲ።"

ዳኜ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አለቀለት ብዬ ነበር። ከዚያ እግሮቹ ወለሉ ላይ መርገጥ ጀመሩ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ሁሉ። መወርወሪያውንም ከእጅ ወደ እጅ ያመላልሳት ጀመር። በአንድ ውርወራ አንድ ቃል።

"ታንኳውን... ከቄጠማው ሥር... አስሮ... ቁጭ አለ። ውኃው ውኃው... ዝም ብሏል። ከማዶ... ሰው ቢጣራ... እዚህ ይሰማል። እሷ ግን... አልተጣራችም..."

"ቆይ!" አለ ሊቀመንበሩ ጣቱን መስመሩ ላይ እንዳደረገ። "ውኃው ውኃው? ሁለት ጊዜ?"

"ሁለት ጊዜ ነው ያለው" አለ ዳኜ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ጓድ ግዛቸው ጎንበስ ብሎ አየ። አታሚው ተሳስቶ ቃሉን ደግሞታል። እኔ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ያንን ስሕተት አንድም ጊዜ አላየሁትም።

ገጽ አሥራ ስምንት አለው፤ ዳኜ አሥራ ስምንትን አለ። መቶ ሃያን አለው፤ መቶ ሃያን አለ። አንዲት ፊደል አልሳተም። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ታንኳ ቀዛፊ አለ። ሚስቱ ተቀይማ ማዶ ወደ ዘመዶቿ ተሻግራለች፤ እሱ ሰውን ሁሉ ያሻግራል፣ ማዶ ሲደርስ ግን በኩራቱ ከታንኳው አይወርድም። እንዲህ ዓመታት ያልፋሉ። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ላይ ቆሞ ነበር። ቀጥሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኋላ ሳየው መጽሐፉ ጭኑ ላይ ተዘግቷል፤ ጣቱም መስመር መከተል ትቷል። ዳኜ አንዱን ገጽ ጨርሶ ሲያቆም "ቀጥል እንጂ" አለው። በዳሳ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ቀርቧል። አንባቢዎቹ መጽሐፋቸውን አጥፈው ያዳምጣሉ። በዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ አስከብሬ አላውቅም።

"ወረደ ወይስ አልወረደም?" አለ በመጨረሻ ጓድ ግዛቸው።

"አላውቅም" አለ ዳኜ። "አሥራ አንድ ገጽ ይቀረኛል።"

"እንዴት አታውቅም? መጽሐፉ በየቀኑ እጅህ ላይ ነው፤ መጨረሻውን አታየውም እንዴ?"

"ከመካከል መዝለል ይቻላል እንዴ? ድሩ ሳይሞላ ጥለት አይገባም።"

ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። "እሺ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ይሄን ሁሉ በቃልህ የያዝከው ለምንድነው? ማን አስገደደህ?"

ዳኜ ግራ ተጋባ። ወደ እኔ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ አንባቢዎቹ። "ሕጉ ነዋ" አለ። "የመጣሁ ዕለት እሷ ነግራኛለች። መጽሐፍ ከዚህ አይወጣም፣ በልብህ አንብብ፣ ሁሉንም። እነዚህም በልባቸው ነው ብላኛለች።"

ከዚያ አባባ ቶለሳ ጋዜጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው በሳቅ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ነርሷ ቀጠለች። ሊቀመንበሩ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔና ዳኜ ብቻ አልሳቅንም፤ እሱ ስላልገባው፣ እኔ ስለገባኝ።

"ሠርካዲስ፣ ሕግ አውጪዋ አንቺ ነሽ አሉ!" አለኝ ሊቀመንበሩ ዓይኑን እየጠረገ። ከዚያ ተነስቶ ዳኜን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ሂድ ወንድሜ፣ ወደ ሥራህ ሂድ። ይሄ ስብከት አይደለም። ማንም ቢጠይቅህ ጓድ ግዛቸው ሰምቶታል በል።" በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። "አሥራ አንድ ገጽ ነው ያልከው?"

ሲወጡ ዳኜን ተከትዬ ግቢው ውስጥ አቆምኩት። "አቶ ዳኜ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩት። "በልብ ማንበብ ማለት ድምፅ ሳያወጡ ማንበብ ነው። ዝም ብሎ በዓይን። መያዝ የለበትም። ሰባት ወር ያህል አለፋሁዎት። እስካሁን ሃያ መጽሐፍ በጨረሱ ነበር።"

መወርወሪያዋን በመዳፉ ላይ አገላበጠ። የተቆጣ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

"እንዲያ ከሆነ" አለ በመጨረሻ፣ ራርቶ፣ በበሩ በኩል ወደ ተማሪዎቹ እያየ፣ "እነዚህ ልጆች ማታ ባዶ እጃቸውን ነው የሚገቡት?"

እሱ መወርወሪያውን ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ፤ በማግስቱም አሥር ሰዓት ላይ እጁን ታጥቦ መጣና የሚቀጥለውን ገጽ ከፈተ።

እኔ ግን ጥያቄው አላስተኛ አለኝ። አራት መቶ አሥራ ሁለት መጽሐፍ አንብቤያለሁ እያልኩ የምፎክረው ሴትዮ፣ ከአንዱም አንድ ገጽ ልበል ብዬ ብሞክር አልመጣ አለኝ። ታሪኩ ይመጣል፣ ስሙ ይመጣል፤ ቃሉ የለም። ታንኳ ቀዛፊው በመጨረሻ ይውረድ አይውረድ እንኳ፣ እውነቴን ነው፣ ጠፍቶኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። መጽሐፉ እጄ ላይ ነው፤ ከፍቼ ማየት እችል ነበር። ግን ደፍሬ አልከፈትኩትም፤ ከእሱ ቀድሜ ማወቅ ነውር ሆነብኝ።

እሑዶቹ ሲቀነሱ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ ነው፤ ስድስት ሸማኔ ስድስት ጉድጓድ ውስጥ። ዳኜ የመጨረሻውን ገጽ ሊል ሲል አምስቱም ሥራ አቁመው መወርወሪያቸውን ያዙ። አስቻለች እንዝርቷን አቆመች። ጓድ ግዛቸው "በዚህ ሳልፍ" ብሎ በሩ ላይ ቆሟል። ቀዛፊው ወረደ። አንድ እግሩን ብቻ ነው ያወረደው፤ መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል። ከሸማኔዎቹ አንዱ ትልቁ ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔም ከዳኜ ጎን ተቀምጬ "እንዴት እንደሚያዝ ያስተምሩኝ" አልኩት።

"አንቺን?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ አልቀለደም። "ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪ። መወርወሪያዬን እየሰማሽ፣ በአንድ ውርወራ አንድ ቃል። አትሩጪ።"

ንባብ ቤቱ የሚከፈተው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እሄድ ጀመር። አምስት ቀን ፈጀብኝ፤ ለእሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በስድስተኛው ቀን ዝግጁ ነኝ አልኩና ዳሱ መካከል ቆምኩ። ዳኜ እየወረወረ፣ እኔ እያልኩ፣ ሦስት መስመር በደንብ ሄድኩ። አራተኛው ላይ ቆምኩ። የሚቀጥለው ቃል የለም። ጣራውን አየሁ፣ ወለሉን አየሁ፤ ጆሮዬ ጋለ። ዳኜ ሊነግረኝ አፉን ሳይከፍት፣ ከየጉድጓዳቸው አምስቱ ሸማኔዎች፣ አንድም ፊደል የማያውቁት፣ ባንድ ድምፅ ቃሉን አቀበሉኝ።